ሁለት ጊዜ የዞረ ደመና

መስከረም 12

ይድረስ ለወንድሜ ለክብሪት፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደረጃ ካላሳየሁት አይናገርም።

ለጠየቅኸኝ መልሱ አዎ ነው። የአክስታችን ልጅ፣ ሹፌሩ፣ የነገረህ እውነት ነው፤ ኮሌጅ ገብቻለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ እጅ ብታነበው ይሻል ነበርና ይቅርታ አድርግልኝ። ፈርቼ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ የቀረውን ማታ ማታ እያንቀላፋች የጨረሰች ሴት «ተማሪ ሆንኩ» ስትል የዩኒቨርሲቲ መምህር ወንድሟ ምን ይላል ብዬ ነው።

ገባሁ ስልህም በእግሬ አልገባሁም። የርቀት ትምህርት ነው። ሞጁሌ በፖስታ ይመጣል፣ አሳይመንቴ በፖስታ ይሄዳል። ትንሽ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ነው። የምማረው የአየር ጠባይ ምልከታ ነው። ሳቅ እንግዲህ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ከከተማው በላይ ባለው ግድብ ሰማይ የሚመለከት ሽማግሌ አለ። ጠዋትና ማታ ደመናውን ያያል፣ ዝናቡን ይለካል፣ ጽፎ ይልካል። በሐምሌ ጡረታ ይወጣል፤ በእሱ ቦታ የሚገባው የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ብቻ ነው ተብሏል። የሆስፒታሉ ላውንደሪ ደግሞ በዚያው ወር ይዘጋል፤ ልብሱን ውጭ ያለ ድርጅት ሊያጥበው ነው። ስለዚህ ያለችኝ ይህች አንድ ዓመት ናት። ከእሷ ወዲያ ሠላሳ ዓመት አንሶላ ያጠበችን ሴት ማንም አይፈልጋትም።

የሞጁሉ ሽፋን ላይ የኮሌጁ ሥዕል አለ። ባለ ሁለት ፎቅ ነው፣ በሩ ላይ አንድ ዛፍ ቆሟል፣ በመስኮቶቹ በኩል ረጅም ኮሪደር ይታያል። አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት እንደሆነ ታውቃለህ። ባለካውያዋ አንዱን ጫፍ ትይዛለች፣ እኔ ሌላውን። እንራራቃለን፣ እንወጥራለን፣ እንቀራረባለን። ስንራራቅ ኮሪደሩ ውስጥ ነኝ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ከአንዱ ክፍል እርሳስ ሲቀረጽ ይሰማል። ስንቀራረብ ተመልሻለሁ።

«ዛሬስ ምን ተማርሽ?» ትለኛለች።

«ገና በሩ ላይ ነኝ።»

«ካረጁ አይበጁ» ብላ አንሶላውን ትቀማኛለች።

አንተ ግን አትሳቅ። ልጆች ሳለን ጣሪያው ላይ ተንጋለን ለየደመናው ስም እናወጣ እንደነበር አስታውስ። አንተ ክብሪት፣ እኔ መሰላል እያልን ቅጽል ስማችንን በሚስማር የጫርንበት ቆርቆሮ አሁንም ከራሴ በላይ አለ፤ ዝናብ ሲመታው እሰማዋለሁ።

ተማሪዎችህ እንዴት ናቸው?

እህትህ


መስከረም 25

እታለም፣

የጠየቅሽኝን በተራ እመልሳለሁ። አንደኛ፣ አልሳቅሁም። ሁለተኛ፣ ተቆጥቻለሁ፤ ግን በሹፌሩ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ መሪ እንደያዘ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የነገረኝ። ሦስተኛ፣ ለምን አትደውልም ካልሽኝ፦ ስልክ ላይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ከዚያ የተባባልነውን ሁለታችንም አናስታውስም። በደብዳቤ የሚጮህ ሰው ቢያንስ ቃል መምረጥ አለበት።

ዩኒቨርሲቲው ባለበት አለ። ሕንፃው አልፈረሰም። ስለሱ ከዚህ የበለጠ የሚነገር ነገር የለም። እኔ ወረቀት አርማለሁ፤ ከማረም ሌላ ሥራ የለኝም ማለት ይቻላል።

አሁን ስሚኝ። እናታችን የሞተች ጊዜ ደብተርሽን ለእኔ ሰጥተሽ የሰው ልብስ ማጠብ ገባሽ። ግማሹ የተጻፈበት ደብተር ነበር፤ ባዶውን ግማሽ እኔ ጨረስኩት። ይህን ውለታ በምክር አልመልሰውም። ግን ያለኝ ምክር ብቻ ነው። ምልከታ ስትጽፊ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። የተሰማሽን አይደለም፣ የመሰለሽን አይደለም። አባታችን መጋዘን ሲጠብቅ ምን ይል እንደነበር ታውቂያለሽ። «ትናንት በአጥር የዘለለ ሰው ነበር» ሲሉት፣ ዱላውን እንኳ ሳያነሳ «ማን አየው?» ይል ነበር። የሳይንስ ነገር ከዚህ አያልፍም። ሌላው ሁሉ የእሱ ማብራሪያ ነው።

መዝገበ ቃላት ልኬልሻለሁ። ጫፉን አትጠፊው።

ወንድምሽ


ኅዳር 8

ክብሪቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። መዝገበ ቃላቱ ደርሷል፤ ጫፉን አላጠፍኩትም፣ የልብስ መቆንጠጫ ነው የማስርበት።

የመጀመሪያው አሳይመንት ውጤት መጥቶ እንደሆነ ማወቅ ትፈልግ ይሆናል። መጥቷል። ከሃምሳ በታች ነው። ስንት እንደሆነ አልነግርህም። አንድ ነገር ግን ማወቅ አለብህ፤ በዓመቱ ሦስት አሳይመንት አለ፣ ሦስቱንም ከሃምሳ በታች ያገኘ ተማሪ ይሰናበታል። አንዱ ሄደ ማለት ነው።

የሆስፒታሉ የሪከርድ ክፍል ጸሐፊ በታይፕ ስትጽፍልኝ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ቆንጆ ነው» ብላኝ ነበር። አራሚው ግን ቆንጆ ሆኖ አላገኘውም። አስተያየቱ የመጣው በታይፕ በተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው፤ ስም የለውም፣ ፊርማ የለውም። ከጻፈልኝ ውስጥ አንዷን ነገር አንብቤ ማጠቢያው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ምን እንደሆነች አሁን አልነግርህም። እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር፣ እኔም ውስጡ የጠፋሁ መሰለኝ።

አልተናደድኩበትም። ኮሪደሬ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥቼዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ፣ በስተግራ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል። ሳልፍ ቀና አይልም።

ለሁለተኛው ምን ላድርግ?

እህትህ


ኅዳር 20

እታለም፣

መጀመሪያ ስለ ቁጣዬ ይቅርታ። ከዚህ በታች ስለሚመጣው ነው።

ይህ ሰው ማን ነው? ወረቀቱን ላኪልኝ። እሱ ባረመው ላይ እኔ ደግሞ አርሜ ለኮሌጅሽ እመልስላቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት እጇ በሳሙና የተላጠ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችውን አንብቦ ቁጭ የሚያደርጋት ሰው መምህር አይደለም፤ ጥርስ የሌለው ውሻ ነው፣ የሚነክሰው ወረቀት ብቻ ነው። የራሱ ነገር ተበላሽቶበት በቀይ እስክሪብቶ የሚበቀል ነው። እንደዚህ ያሉትን በደንብ አውቃቸዋለሁ።

አሁን በረድ ብያለሁ። ላስቅሽ። እኔም አንድ ጉደኛ ተማሪ አለኝ። የሰማይ ምልከታ ጻፍ ሲባል ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ደመናው ቤቱ እንደጠፋበት ሰው ሁለት ጊዜ ዞሮ ሄደ።» ገጣሚ ብዬዋለሁ። ወጣት መሆን አለበት፤ እንዲህ የሚዋሽ ወጣት ብቻ ነው። ዳር ላይ «ማን አየው?» ብዬ ጽፌበት፣ ሠላሳ ስምንት ሰጥቼ ሸኘሁት። አባታችንን አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሁለተኛውን ስትጽፊ ቁጥር አስገቢ። ከየት ወደ የት፣ በስንት ሰዓት። ያ ውሻ በቁጥር ላይ ጥርሱ አይሠራም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ክብሪቴ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለካውያዋ «የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ?» አለችኝ። እንጃ፣ ሳይሆን አይቀርም አልኳት።

ያን አራሚ አትስደበው። ምናልባት ደክሞት ይሆናል። ምናልባት ቤቱ ቀዝቃዛ ይሆናል። አንተ እንዳልከው ቁጥር አስገብቼ ሁለተኛውን ልኬአለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ቢሮህ የት ነው ያልከኝ? መስኮቱ ምን ያሳያል? ቁልፉ ላይ ያሰርኩልህ ቢጫ ክር አለ ወይስ ተበጠሰ? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅህ። አንሶላ ሳጥፍ እንዳስበው ነው።

ከኮሌጁ ኮሪደር የአንተ ቢሮ ይታየኝ ይሆን ብዬ ነው።

እህትህ


ጥር 15

እታለም፣

ዘገየሁ፤ ይቅርታ። ሥራ በዝቶ ነው።

ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ሁለት ረጃጅም ዛፎች ያሳያል፤ በቀኝ ያለው ትንሽ ያዘነብላል። ጠረጴዛው ሰፊ ነው፣ መሳቢያው ሲከፈት ይንጫጫል። ከበሩ ጀርባ ኮቴን እሰቅላለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ ትገባና እስከ መደርደሪያው ሁለተኛ ረድፍ ትደርሳለች። ቁልፉ ላይ ክርሽ አለ፤ ቀለሙ ትንሽ ለቋል። በቃ፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ከዚህ ሌላ ደህና ነኝ። ሰሞኑን ይዞኝ የነበረው ሳልም ተሽሎኛል።

ገጣሚው ተመልሶ መጣ። ባትጠይቂኝም ልንገርሽ። ቁጥር ጀምሯል፤ ሰዓት ይጽፋል፣ የነፋስ አቅጣጫ ይጽፋል። ውሸቱን በግማሽ ቀንሷል። አርባ ስድስት ሰጥቼዋለሁ። ያነሰው አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰማዩን ያየው ሰው የት እንደቆመ አይታወቅም። ከሜዳ ነው? ከጉድጓድ ነው? «የት ቆመህ አየኸው? ቦታውን ሌላ ሰው ሄዶ በዚያው መቆም እስኪችል ድረስ ግለጽ» ብዬዋለሁ። እውነቴን ነው፣ ይህ ሰው ካልሰነፈ ሊወጣው ይችላል። እንዲያልፍ እፈልጋለሁ። ይህን ለማንም ተማሪ ብዬ አላውቅም።

ያንቺስ? ያ ውሻ ምን አለ?

ወንድምሽ


የካቲት 22

ወንድም ዓለም፣

እንደምን አለህ? ስለ ዛፎቹ አመሰግናለሁ። ያዘነበለውን አየሁት።

ሁለተኛውም ከሃምሳ በታች ሆነ። አትጩህ። የቀረኝ አንድ ነው፣ አራሚዬም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። አራሚዬ አንድ ነገር እንድጨምር አዞኛል። ልክ ነው። እጨምራለሁ፤ ቢያስከፍለኝም እጨምራለሁ። ውሸት ብጽፍለት ያውቅብኛል።

ሦስተኛው አሳይመንት ሠላሳ ቀን ነው። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወደ ሥራ ሳልሄድ፣ ጣሪያው ላይ እወጣለሁ። ጉልበቴ አሁን ያለ ደረጃም ይናገራል። የግድቡ ሽማግሌ እሑድ እሑድ ያስተምረኛል። «ሰማዩን በዓይንሽ ስምንት ቦታ ቁረጪው፤ ከስምንቱ እጅ ስንቱ በደመና እንደተያዘ ቁጠሪ፤ አትዘኚለት፣ አትሳቂለት፣ ቁጠሪው» ይለኛል። መጀመሪያ የማላውቀው አገር ቋንቋ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እንቅልፍ ውስጥ እንኳ ከስምንት እጅ ሦስት፣ ከስምንት እጅ አምስት እያልኩ እቆጥራለሁ። እንግዳ ነገር ልንገርህ? ማስዋቡን ስተው የበለጠ አየሁት። ደመና ጫፍ አለው፤ ጫፉ ይንቀሳቀሳል፤ ሲንቀሳቀስ ጣሪያው ላይ ባለው የውሃ ታንከር ያረፈው ጥላ ይከተለዋል። ይህ ሁሉ ነገር አርባ ዓመት ከራሴ በላይ ሲሠራ ነበር።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው አሁንም ጀርባውን እንደሰጠኝ ነው። ትናንት ግን ሳልፍ ሳል ያዘው። ቆሜ ጠበቅሁት።

እህትህ


መጋቢት 11

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሰላምታ ብጽፍ አምስተኛውንም እቀደዋለሁና ይለፈኝ።

ዛሬ ጠዋት የገጣሚው ሦስተኛ ወረቀት ደረሰኝ። ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ መስመር። አንድም ጌጥ የለበትም። በየመስመሩ ጫፍ «ያየሁት እኔ ነኝ» ይላል። ደስ አለኝ፤ ለብዙ ጊዜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰባ አራት ብዬ ጽፌ አሰመርኩበት። ከዚያ አባሪውን ገለጥኩ። የምልከታው ቦታ፦ «ከመኖሪያ ቤት ጣሪያ ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ በስተግራ ሦስት እርምጃ፣ ክብሪትና መሰላል በሚስማር ከተጫረበት ቆርቆሮ አጠገብ።»

እስክሪብቶው ከእጄ አልወደቀም። እንደዚያ የሚሆነው በወሬ ነው። ክዳኑን ገጠምኩት፣ ኪሴ ከተትኩት፣ ተነስቼ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አጠብኩ። ንጹሕ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ የለም። ዛፍም የለም። መስኮቴ የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ የማርመው የመኝታ ክፍሌ ውስጥ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ዲኑ የወንድሙን ልጅ አርባ ያልኩትን ስልሳ አደረገው። ቁልፉን ክርሽ እንደታሰረበት ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ። ክርሽን ሳልፈታ መወርወሬ ከሁሉ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ለአንድ የእርማት ማዕከል እሠራለሁ። ማዕከሉ የአራት ኮሌጅ ወረቀት ሰብስቦ፣ ሽፋኑን ቀዶ፣ ቁጥር ለጥፎ ይልክልናል። የምንጽፈውን ሌላ ሰው በታይፕ ገልብጦ ለተማሪው ይሰጠዋል። የተማሪውን እጅ አናውቅም፣ የእኛን አያውቁም። ባንቺ እጅ የተማረ ሰው እንዴት ወደቀ እንዳትይ ብዬ ዋሸሁሽ። መጠርጠር ነበረብኝ። ሰው ሲሳደብ ግን ጆሮው ይደፈናል። ሽቅብ ቢተፉ ተመልሶ ባፉ፤ ያን ውሻ ምን ምን እንዳልኩት ታስታውሻለሽ።

አሁን ጉዳዩ ይህ ነው። መመሪያው አራሚና ተማሪ ዘመድ ከሆኑ አራሚው ያሳውቅ፣ ያረማቸው ውጤቶች ይሰረዙ ይላል። ካሳወቅሁ ዓመትሽ ይቃጠላል፤ የግድቡ ቦታም ለሌላ ይሰጣል። ዝም ካልኩ እኔም ዲኑ ነኝ። ሰባ አራቱን የሰጠሁሽ ሳላውቅሽ ነው፤ ግን ማን አየው?

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። በወሩ መጨረሻ መመለስ አለበት። ምን ላድርግ?


መጋቢት 17

ክብሪቴ፣ የእናቴ ልጅ፣

እንደምን ነህ? ምሳ በልተሃል? መጀመሪያ ብላ፣ ከዚያ አንብብ።

እኔ ከኅዳር ጀምሮ አውቄዋለሁ። የመጀመሪያው ብጣሽ ወረቀት ላይ «ማን አየው?» ይል ነበር። ቁጭ ያደረገኝ እሱ ነው። አባቴ ከመጋዘኑ በር የጠራኝ መሰለኝ። አጋጣሚ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ከዚያ አንተ ልታስቀኝ ብለህ የራሴን ደመና ከእነ ውጤቱ ላክህልኝ። ሠላሳ ስምንት! ሃምሳ ስድስት ዓመት ኖሬ «ወጣት ውሸታም» ያለኝ አንተ ብቻ ነህ።

ስለ ቢሮህ የጠየቅሁህ ለዚህ ነበር። ስትዋሽ ዝርዝር ታበዛለህ፤ ልጅ ሳለህም እንደዚያው ነበርክ።

ለምን ዝም አልሽ ትለኛለህ። የተማሪው መመሪያ ላይም ያው ሕግ አለ፤ ተማሪውም ያሳውቅ ይላል። አንብቤዋለሁ። ዓመቱ እንዳይቃጠል ፈርቼ አልፌዋለሁ። ስለዚህ አንተ አላጠፋህም፣ አላወቅህም ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህንንም ጻፍላቸው፤ አትደብቅልኝ። ቦታውን ስጽፍ ግን መዋሸት አቃተኝ። ሌላ ሰው ሄዶ በዚያው መቆም እስኪችል ድረስ ግለጽ አልከኝ፤ ገለጽኩት። ያ ሌላ ሰው አንተ እንደሆንክ አውቄ ነው።

ዛሬ ከባለካውያዋ ጋር አንሶላ ስናጥፍ አስቤ ጨረስኩ። አሳውቅ። ዓመቱ ከተቃጠለ ይቃጠል። በየወሩ «ይህን ያህል ዘነበ፣ ያየሁት እኔ ነኝ» ብዬ ልፈርም ነው። የምስክር ወረቀቴን ራሱን ማን አየው ቢሉኝ ምን ልመልስ?

ስለ ክሩ አትጨነቅ። ቢጫ ክር ሞልቷል።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ትናንት ዞረ። ሸብቷል። ማንም አልነገረኝም ነበር።

እህትህ


ሚያዝያ 24

እታለም፣

እስካሁን ዝም ያልኩት የምነግርሽ እስካገኝ ነው።

አሳወቅሁ። ያንቺንም ጥፋት እንዳልሽው ጻፍኩ፤ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። የማዕከሉ ኃላፊ ሴት ናት። ሁለት ጊዜ አነበበችውና «ማንም ሳይጠይቅህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከአራሚዎች ዝርዝር ውስጥ ሰርዛኛለች፤ መመሪያው ነው፣ ትክክል ናት። የሰጠሁሽም ውጤት ሁሉ ተሰርዟል። ዓመትሽን ግን አላቃጠለችውም፤ ሦስቱን ወረቀቶች እንደ አዲስ የሚያነብ ሌላ አራሚ ሰጥታለች። ሦስቱንም ከሃምሳ በታች ካለ ትሰናበቻለሽ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ኖሮ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ።

አሁን ምን ትሠራለህ ካልሽኝ፦ ጠዋት ጠዋት በግድግዳውና በጣሪያው መካከል የምትታየውን ሰማይ እቆጥራለሁ። በጣም ጠባብ ናት፤ ለስምንት አትቆረጥም። ቀይ እስክሪብቶዎቼን ለጫማ ሰፊው ጎረቤቴ ሰጥቼዋለሁ። ሶል ላይ ምልክት ያደርግባቸዋል። ከእኔ ይልቅ ለሰው ይጠቅማል።

ወንድምሽ


ሰኔ 2

ክብሪቴ፣

ውጤቱ መጣ። የመጀመሪያው አርባ አንድ፣ ሁለተኛው አርባ ሰባት፣ ሦስተኛው ሰባ አንድ። አልፌአለሁ። ሰባ አንድ! አንተ ሰባ አራት ነበር ያልከው። ሳታውቀኝም ሦስት ነጥብ አድልተህልኛል። ዲኑ ይሙት።

ለማጠቃለያው ፈተና ኮሌጁ ድረስ ሄድኩ። እንዴት ነው ትለኝ ይሆናል። ሁለት ፎቅ የለውም። ከመስታወት ቆራጭ ሱቅ በላይ ያሉ አራት ክፍሎች ናቸው፤ ከታች መስታወት ሲቆረጥ ጥርስ ያማል። ኮሪደሩ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ረገጥኩት፣ ቆጠርኩት። ዛፉ ግን ነበረ። ልክ እንደ ሥዕሉ በሩ ላይ። መጨረሻው በስተግራ ያለው ክፍል የመጥረጊያ ማስቀመጫ ነው። ከፍቼ አየሁት፤ ማንም የለም። አላዘንኩም።

ፈተናውንም አልፌአለሁ። የግድቡ ሰዎች ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ለሙከራ ወስደውኛል። ለተመልካቹ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይሰጠዋል። አንዱን ክፍል ምን እንደማደርገው አላውቅም። መስኮቱ ሰፊ ነው።

ና።

እህትህ


ሰኔ 15

እታለም፣

ሰባ አራት ነው። አዲሱ አራሚ ተሳስቷል። የአሥራ ዘጠነኛውን ቀን የነፋስ ለውጥ አላስተዋለም፤ በማንም ፊት እሟገታለሁ።

እንኳን ደስ ያለሽ። ይህን ከላይ መጻፍ ነበረብኝ።

ስለ መምጣቱ ለጠየቅሽኝ ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። ሰው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሻንጣ ይዞ እህቱ ቤት ሲገባ ምን ይመስላል? አላውቅም።

ወንድምሽ


ሐምሌ 3

ክብሪቴ፣

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ነበር፤ አልልከውም። ለምን እንደማልልከው ከታች ታየዋለህ። የዛሬውን ከመዝገቡ ላይ ልገልብጥልህ፦

ሐምሌ 3፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ደመና ከስምንት እጅ ስድስት። ነፋስ ከምሥራቅ፣ ቀላል። የሌሊቱ ዝናብ አሥራ አንድ ሚሊሜትር። የምልከታው ቦታ፦ የግድቡ ተመልካች ቤት በረንዳ፣ ከዝናብ መለኪያው በስተቀኝ ሁለት እርምጃ፣ በሩ ላይ ቢጫ ክር የታሰረበት ቁልፍ ከተሰካበት አጠገብ።

ተጨማሪ ምልከታ፦ በግድቡ መንገድ ላይ ሻንጣ የያዘ አንድ ሰው በእግሩ ይመጣል። ሸብቷል። መታጠፊያው ላይ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና መጣ። ቀና ብሎ ሰማዩን ቆጠረ። ተመለሰ፣ እንደገና መጣ።

ቤቱ እንደጠፋበት ሰው ሁለት ጊዜ ዞረ። አሁን በሩ ላይ ነው።

ያየሁት እኔ ነኝ።